ያልተቆረጠው ባህር ዛፍ

ቁጭ በይ አትበሉኝ። ቁጭ ማለት ካቃተኝ ሰነባብቷል፤ ቆሜ እየተንጎራደድኩ ልንገራችሁ።

ሀጀራ እባላለሁ። ቤቴ ከመካነ ሰላም ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው፤ ለፈጣን እግር ሰዓት ተኩል ቢያስኬድ ነው። ባሌ ሙእሚን ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ በቅሬያችን ስብሰባ የቤታችን ስም ሲጠራ "አለሁ" የምለው እኔ ነኝ። ቅሬ ምን እንደሆነ ለማታውቁት፣ ሰው ሲሞትባችሁ ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚያመጣው፣ ተሸክሞ የሚያደርሰው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው ቅሬ ነው። እኛ ጎጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው ያለን። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ሰላም አይባልም፣ ቢታመም አይጠየቅም፣ ሰው ቢሞትበት ብቻውን ይቀብራል። እሱ ቤት የሄደም አብሮ ይወጣል። ከዚህ የከፋ ቅጣት አላውቅም። ጎረቤቴን ይሄነውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ። የቅሬው ዳኛ ወንድሟ ናቸው ብላችሁ ወደ እሳቸው አትዩ።

ነገሩ የጀመረው በባህር ዛፍ ነው። አምና ኅዳር ላይ በዛፎቻችን ቅጠልና በለጋው ቀንበጥ ላይ እብጥ እብጥ ያለ ነገር ወጣ። እኛ ኪንታሮት አልነው። ቅጠሉ ይጠማዘዛል፣ ቀንበጡ ይጎብጣል፣ ዛፉ ወደ ላይ መሄዱን ይተውና እንደ ቁጥቋጦ ይቀራል። እብጡን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ነጭ ትል አለ። ትሏ ክንፍ አውጥታ ስትወጣ ደግሞ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነገር ናት። ከባህር ማዶ የመጣች ናት አሉ፣ በችግኝ ተጭና። ሱብሃነላህ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነገር አገር አቋርጣ መጥታ እኔን ሀጀራን ታስለቅሰኝ! ሙእሚን በገዛ እጁ የተከላቸው ናቸው። ለኛ ባህር ዛፍ ማለት ቤት ነው፣ ማገዶ ነው፣ ልጅ የሚዳርበት ነው።

ጥር ላይ ቅሬው ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ አንዱ "መድኃኒት እንርጭ" ይላል፣ አንዱ "ግብርና ጽሕፈት ቤት እናመልክት" ይላል፣ ወሬው አያልቅም። ደሜ ፈላ። ተነሳሁ።

"ምን ትዶልታላችሁ? የታመመው ዛፍ ሁሉ ይቆረጥና ይቃጠል! አልቆርጥም ያለ ደግሞ ከቅሬው ይውጣ፣ ቢሞትበትም ማንም አይቅበርለት!" አልኩ።

ያቺን የመጨረሻዋን ማን ጠየቀኝ? ማንም። አፌ ነው። ግን ሰው ሁሉ "እውነቷን ነው" አለ። ወንድሜ አያ አሕመድኑር እጃቸውን ዘረጉ፣ ዱዓ ተደረገበት፤ እስላሙ አሚን አለ፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። በዱዓ ታሰረ ማለት ቀልድ የለም።

ሳምንት ሙሉ ቆረጥን። ቅርንጫፉን በየመንገዱ እየጎተትን አምባው ላይ አወጣንና አንድ ላይ አነደድነው። ጭሱ ዓይን ያጠፋ ነበር። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ነው የጨረስኩት፤ የሙእሚንን ዛፎች ከሥራቸው ሳስቆርጥ እንባዬ ቢመጣም፣ "ይህቺን ትል አሳየኋት" ብዬ ተኩራርቼ ነበር።

ያልቆረጠው ይሄነው ብቻ ነው።

ይሄነው ከወንዙ ማዶ ያለ ጎረቤቴ ነው። ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ፣ አንድ ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው፤ እኔን የሚያነድደኝም ይኸው ነው። ሚስቱ የትምወርቅ ደግሞ ጓደኛዬ ናት። ጓደኛ ስላችሁ እንዲያው ለወሬ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ዓመት ተድረን ነው ወደዚህ ጎጥ የመጣን። ልጄን ባሲማን ወልጄ አራስ ቤት ታምሜ ስወድቅ፣ የራሷን ልጅ ንግሥቴን በአንድ ጡት፣ የኔን በሌላው ይዛ አርባ ቀን ያጠባችልኝ የትምወርቅ ናት። ባሲማ ርቃ ተድራም ዛሬም "እናቴ" ነው የምትላት። ሙእሚን የሞተ ቀን ደግሞ ቃሬዛውን ከፊት በኩል በቀኝ ተሸክሞ መቃብር ድረስ ሳይቀያየር ያደረሰው ይሄነው ነው።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

በስብሰባ ቆሞ፣ "እኔ አልቆርጥም" አለ።

"ለምን?" አልኩት።

"የታመመ ሁሉ ይቆረጣል እንዴ ሀጀራ? ትንሽ እንየው።"

"እያየህ ዘር ታበዛብናለህ!"

ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ያቺ እርጋታው አንጀቴን ቅጥል አደረገችው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተላከበት፣ እንቢ አለ። ሚያዝያ ላይ ከቅሬው ወጣ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ የትምወርቅ ወንዙ ዳር ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ቀና ብላ፣ "ሀጀራ" አለችኝ። አንገቴን ሰብሬ አለፍኳት። ደንብ ነው ብዬ ነዋ! ደንቡን ያወጣሁ እኔው ሆኜ።

ክረምቱ ሲገባ ከየጉቶው ዙሪያ ለምለም ቡቃያ ወጣ። ወላሂ ደስ ሲል! በየቀኑ እየሄድኩ በእጄ እዳስሰው ነበር። "አየሽ ሀጀራ፣ ያንቺ ምክር" ይሉኛል፣ እኔም እንደ ጅብራ ቀጥ እላለሁ። መስከረም ጠባ። ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ሄጄ ቡቃያውን ባየው፣ ቅጠሉ ሁሉ እብጥ! ከአምናው የባሰ። የአንዱ ቀንበጥ እብጠት ከሌላው ጋር ተጣብቆ ጤነኛ ቅጠል የሚባል የለም። የሁላችንም እንደዚያው ነው።

ከዚያማ ጣቱ ሁሉ ወደ ወንዙ ማዶ ዞረ። "ከይሄነው ዛፍ ነው የሚፈልስብን" ተባለ። እኔም ከሁሉ ጮክ ብዬ አልኩ። እንዲያውም አፌ አላርፍ ብሎ የበሩን ነገር ሳይቀር አነሳሁበት። ውሃ ለመቅዳት ስወርድ የይሄነው ቤት ፊት ለፊት ይታየኛል። በሩ ሁልጊዜ ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። የትምወርቅ ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ላይ ውላለች ሲባል ሰምቻለሁ፤ በዚያ ላይ የኅዳር ውርጭ አጥንት ይሰብራል። "እዩት እስቲ ይሄን ሰነፍ" እላለሁ፣ "ዛፍ መቁረጡ ይቅር፣ በሽተኛ ያለበትን ቤት በር መዝጋት እንኳ ታከተው!" ሰዉም ይስቃል።

ልጠይቃት እፈልግ ነበር። አልዋሽም፣ ውስጤ አላረፈም ነበር። ግን ለራሴ፣ "ባሏ ዛፉን ይቁረጥና እሄዳለሁ" እለዋለሁ።

ኅዳር መግቢያ ላይ ቅሬው ተሰብስቦ፣ ይሄነው እንቢ ካለ እሑድ ጠዋት ሁላችንም መጥረቢያ ይዘን ሄደን ዛፉን እንቆርጣለን ተባለ። ያን ጊዜም ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔው ነኝ።

ከእሑዱ በፊት ባለው ማክሰኞ ዝናሽ መጣች። ዝናሽ ስለ ደን ተባይ የምታጠና የደሴ ልጅ ናት። ጥቅምት ላይ መጥታ ከየሰዉ ቡቃያ እብጥ ያለበትን ቅርንጫፍ እየቆረጠች ወስዳ ነበር፤ ከይሄነውም ዘንድ። እሷ የቅሬ ሰው አይደለችም፣ ማን ይከለክላታል? ቅርንጫፉን በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከትታ፣ አፉን በስስ ጨርቅ አስራ፣ የባለቤቱን ስም ጽፋ ነበር የወሰደችው። አሁን ፕላስቲኮቹን በዘንቢል ይዛ ደጄ ላይ ቆመች።

"እትዬ ሀጀራ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይሄ የእርስዎ ነው፤ ይዩት" አለችኝ።

ወደ ፀሐይ አድርጌ አየሁት። ታቹ ላይ ጥቁር የጤፍ ፍሬ የመሰለ ነገር ረግፏል። "አውቃታለሁ፣ ይቺን ጠላቴን" አልኳት።

"ይሄ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ካሉት ከአቶ ይሄነው ነው።"

ጥቁሮቹ ጥቂት ናቸው። የሚበዙት ሌሎች ናቸው፤ ቢጫ ሆነው ቀላ ያሉ፣ እንደዚያው ደቃቅ።

"እነዚህስ? አዲስ በሽታ ደግሞ አመጣብን?"

ዝናሽ ሳቀች። "አይደለም እትዬ። እነዚህ የተባይዋ ጠላት ናቸው። ይቺ ቢጫዋ እንቁላሏን እብጡ ውስጥ ትጥላለች። ልጇ ስትፈለፈል የተባይዋን ትል በልታ ነው የምታድገው። ተባይዋ ከአገሯ ስትመጣ ጠላቶቿን ጥላ ነው የመጣች፤ የሚበላት ስለሌለ ነው እንዲህ የተስፋፋችው። ይቺ ግን ዱካዋን ተከትላ ደረሰችባት። ማን እንዳመጣት አናውቅም፣ በራሷ የመጣች ትመስላለች።"

"ታዲያ እኛ ጋ ለምን የለችም?"

ልጅቱ ፊቴን አየችኝ። ቀስ ብላ፣ "አምና ቅርንጫፉን አቃጥላችኋል አይደል?" አለች።

"አቃጥለናል እንጂ!"

"እሷም ያን ጊዜ እብጡ ውስጥ ነበረች እትዬ። አብራችሁ አቃጠላችኋት። ስትጎትቱት በየመንገዱ የተራገፈው ተባይ ግን ተረፈ። ዛፉ ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው ለጋ ቡቃያ ወጣ፤ ተባይዋ አጥብቃ የምትወደው ለጋውን ነው። ማዕድ አቀረባችሁላት፣ የሚከለክላትም የለም። የአቶ ይሄነውን ዛፎች ሄደው ቢያዩ ጫፋቸው ማገገም ጀምሯል። ቢጫዋ ተባይዋን ጨርሳ ታጠፋታለች አልልዎትም፤ ግን ትይዛታለች፣ እንዳትስፋፋ ታደርጋታለች። በዚህ ቁልቁለት እስካሁን ያገኘኋት እሳቸው ዛፍ ላይ ብቻ ነው። እሑድ ሊቆረጥ ነው የሚባለው እውነት ነው?"

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ልጅቱን "ግቢ፣ ውሃ ጠጪ" እንኳ ሳልላት! በሕይወቴ እንግዳ ደጅ ላይ ጥዬ የሄድኩት ያን ቀን ነው።

አያ አሕመድኑር አውድማ ላይ ነበሩ፣ ስንዴ ያበራያሉ። ከሩቅ ጀምሬ እየጮህኩ ደረስኩ። ሁሉን ነገርኳቸው፣ ፕላስቲኩን፣ ቢጫዋን፣ የተቃጠለችውን። ላባቸውን እየጠረጉ ሰሙኝ።

"እና ምን ይሁን ነው የምትይ?" አሉኝ።

"ይፈታ! ይሄነው ወደ ቅሬው ይመለስ፣ ዛፉም አይነካ! ዛሬውኑ!"

"ሀጀራ፣ በዱዓ የታሰረ በሰው ፊት በዱዓ ነው የሚፈታ። እኔ አውድማ ላይ ቆሜ ብቻዬን አልፈታውም። እሑድ ሰው ሲሰበሰብ ተናገሪ።"

"እሑድ ሰው የሚሰበሰበው መጥረቢያ ይዞ ነው አያ!"

"እንግዲያው እስከዚያ ሰዉን አሳምኚ። አፍ አላነሰሽ።"

"የትምወርቅስ? አልጋ ላይ ናት እኮ። ዛሬ ሄጄ ልያት?"

ወንድሜ መንሹን መሬት ላይ ተከሉ። "ከሄድሽ አንቺም ትወጫለሽ። ዳኛ እህቱን አይለይም። ከወጣሽ ደግሞ እሑድ ተነስተሽ የምትናገሪበት ቦታ የለሽም። ማን ይሰማሻል?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ይሄ ነው የሚያበግነኝ፣ እውነታቸውን ነበር።

ሮብ ጠዋት ግን እግሬ አልቻለም፣ ወደ ወንዙ ወረደ። ወንዙ ዳር ደርሼ ቆምኩ። የይሄነው ባህር ዛፎች ከቤቱ ጀርባ ተሰልፈው ይታዩኛል፤ እውነትም ጫፋቸው አዲስ ቅጠል ይዟል፣ እኔ ግን ሰባት ወር ሙሉ ቀና ብዬ አላየሁትም። በሩ እንደወትሮው ተከፍቷል። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የሚታየኝ ነገር የለም። ሁለት ድንጋይ ረግጬ ብሻገር ደረስኩ። አንዱን ረገጥኩ። ከዚያ የወንድሜ ቃል ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ደንቡን ላስፈታ፣ ከዚያ በሰላም፣ በግልጽ፣ በእጄ የሚበላ ነገር ይዤ እሄዳለሁ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አስቤ የሠራሁ መሰለኝ። ተመለስኩ።

ሮብና ሐሙስን ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ። ዝናሽም ፕላስቲኮቿን ይዛ ከኋላዬ ትከተለኛለች። የሚስቅብኝ ሳቀብኝ። "አንቺ አይደለሽ እንዴ ቁረጡ ያልሽው?" ይላሉ። "እኔ ነኝ! ተሳስቻለሁ! ምን ትሆኑ?" እላቸዋለሁ። አንዷ ደግሞ በሯ ላይ ቆማ፣ "ሀጀራ ተሳስቻለሁ አለች፣ ዛሬ ዝናብ ሊጥል ነው" ብላ ጎረቤት ጠራችብኝ። ይሁን ብዬ ቻልኩት። ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሁለትና ሦስት ሰው በቀር ሁሉም ይፈታ ብሎኛል። ቤቴ ስገባ እግሬ አብጧል፣ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም። ለእሑድ ለየትምወርቅ የምወስድላትን አጥሚት ማሰብ ጀመርኩ። ምን ብዬ እንደምገባ ሁሉ አሰብኩ። "አንቺ ሰነፍ፣ ተነሽ!" ብዬ ልገባ ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ከወንዙ ማዶ ለቅሶ ሰማሁ።

የሁለትና የሦስት ሰው ለቅሶ ነው። የቅሬው ጥሩምባ አልተነፋም። እኛ አገር ሰው ሲሞት ጥሩምባው ይነፋል፣ ከየአቅጣጫው እግር ይሰማል፣ ሴቱ ደረቱን እየመታ ይወርዳል። ያን ቀን ግን ሁሉም በየቤቱ ነው። ጎረቤቶቼ በራቸው ላይ ቆመው ወደ ማዶ ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይገባሉ። እኔም ግቢዬ ውስጥ ከበረቱ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በረቱ እመላለሳለሁ። "እሑድ ነበር እኮ የትሜ፣ እሑድ ነበር" እላለሁ። እንደ እብድ።

ከዚያ ወጣሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ወንዙን ስሻገር እነሱ አስከሬኑን ይዘው መንገድ ጀምረዋል። የቅሬው ቃሬዛ ስለተከለከለ በጠፍር አልጋ ነው የያዟት። ከፊት በግራ የሴት ልጇ የንግሥቴ ባል ሞላ አለ፣ ሕመሟ ጠንቷል ቢሉት ከከላላ ገስግሶ የመጣ፤ ንግሥቴ ራሷ አራስ ናት አልመጣችም። ከኋላ በግራ የየትምወርቅ ወንድም አለ፣ እሱም ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ነው። ይሄነው ከኋላ በቀኝ ያለውን እግር በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ወደ ፊት ተንጠራርቶ የፊተኛውን ቀኝ ሊደግፍ ይታገላል። አልጋው በዚያ በኩል ዘንበል ብሏል። ከፊት ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው እየዞሩ ያያሉ፣ ምን ያድርጉ? ማታውን አርፋ ለቅሶውን ይዘውት ኖሯል፤ ሌሊት ጉድጓዱን የቆፈሩትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ እጃቸው አፈር ነው።

ሄጄ ከፊት በቀኝ ገባሁበት። ትከሻዬን ከሥሩ አስገብቼ ቀና አልኩ።

ይሄነው አየኝ። "ተይ ሀጀራ። ትወጫለሽ" አለኝ።

"ልውጣ!" አልኩት።

እኛ አገር ሴት አስከሬን አትሸከምም። በእስላሙም በክርስቲያኑም አልታየም። ከብዳ ነው ብላችሁ? የትምወርቅ የቀረ ሥጋ አልነበራትም፣ ቀልላ ነው ያስለቀሰችኝ። ዳገቱን ስንወጣ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ጫማዬ ወለቀ፣ አላነሳሁትም።

የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ መንገድ የሚገናኝበት ላይ ስንደርስ የጁምዓ ሶላት ወጥቷል። የጎጡ እስላም ወንድ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ በመንገዱ ይመጣል፤ ከፊት አያ አሕመድኑር ናቸው። ሲያዩን ቀጥ አሉ። ሁሉም ቀጥ አለ። አንዱ ከኋላ፣ "አስታግፊሩላህ! ሴት አስከሬን ተሸከመች!" አለ።

"ምን ላድርግ?" ብዬ ጮህኩ። "ወንድ ጠፋ! ባሌን ተሸክሞ የቀበረ ሰው ሚስቱን የሚሸከምለት ወንድ ከዚህ አገር ጠፋ! ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የሳትኩትም እኔ ነኝ፣ እኔን አስወጡኝ! እሷ ምን አደረገቻችሁ?"

ወንድሜ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። መጡና አጠገቤ ቆሙ። ትከሻቸውን ከትከሻዬ ጎን አስገቡ።

"ልቀቂ" አሉኝ።

"አልለቅም!"

"ልቀቂ እህቴ። እኔ አለሁ" አሉኝ። ድምፃቸው እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ለቀቅኩ።

ከዚያማ ተሻምተው ያዟት። ሽማግሌውን ወንድሟን አሳረፉት፣ ሞላን ቀየሩት፤ ይሄነው ግን አልለቅም አለ። አንዱ ሮጦ ጥሩምባውን አመጣ፤ ተነፋ። ጥሩምባው ሲነፋ ሴቱ ከየቤቱ እየጮኸ ወጣ፣ ጥሩምባውን ብቻ ሲጠብቅ የዋለ ይመስል። የትምወርቅን በአገር ቀበርናት። አፈሩ ሲያልቅ አያ አሕመድኑር በሰው ሁሉ ፊት ለይሄነው ዝቅ ብለው፣ "አውፍ በለን፣ ይቅር በለን" አሉት። ይሄነው የእጁን አፈር አራግፎ፣ "እግዜር ይበለን" አለ። እሑድ መጥረቢያ ያነሳ የለም።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ደራሹ ሳሳ ሲል፣ ይሄነው ወደ ግቢዬ መጣ። ክንዱ ሙሉ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ታቅፏል፤ ቅጠሉ ሁሉ እብጥ ነው። ዝናሽ ነግራው ነው፤ እብጡ ውስጥ ያሉት ቢጫዎቹ ሲወጡ ወደኔ ቡቃያ እንዲያልፉ ቅርንጫፉን ከየጉቶዬ ላይ ማሰር ነው። አምና ይሄንን ይዞ ወደ ግቢዬ ቢመጣ በድንጋይ ነበር የማባርረው።

ገመድ አቀበልኩት። ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ያስራል። ለቅሶ ላይ ሁሉ ልለው የነበረውን እዚያ አልኩት፤ "ይሄነው፣ አውፍ በለኝ።"

"ብዬሻለሁ" አለ፣ ቀና ሳይል።

ዝም ብል ምን አለ! ግን አንድ ነገር ሲበላኝ ሰንብቶ ነበር፣ አወጣሁት። "ለመሆኑ በዚያ ውርጭ፣ በሽተኛ ተኝታ፣ በሩን ለምንድን ነው የማትዘጋው የነበረው?" አልኩት።

ቋጠሮውን ጨረሰ።

"የትምወርቅ ናት" አለ። "ልዘጋው ስነሳ፣ ተወው ትለኛለች። ሀጀራን አውቃታለሁ፣ ቁጣዋ ሲበርድላት ትመጣለች፣ ተዘግቶ ካገኘችው ትመለሳለች፣ ትለኛለች። ከተኛችበት ወንዙ ይታያታል።"

ገመዱ ከእጄ ወደቀ። አንስቶ ወሰደው።

"ሮብ ዕለት ወንዙ ዳር መጥተሽ ስትቆሚ አይታሻለች። መጣች፣ ቀና አድርገኝ አለችኝ። ቀና አደረግኳት" አለና ወደሚቀጥለው ጉቶ አለፈ።